ስለ ባለቤቴ ምሳ ዕቃ፦ ለክቡር የንጽሕና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ እርስዎም፣ የተከበረው ቤተሰብዎም፣ በየክፍሉ ተቀምጠው ስለ እኛ ሲጨነቁ የሚውሉት ባልደረቦችዎም ሙሉ ጤና፣ ደህና እንቅልፍና የተከፈተ የምግብ ፍላጎት ይዘው እንዲቆዩ ከልቤ እመኛለሁ። ከሁሉም በላይ የወገብዎ ነገር ያሳስበኛል። በቅርቡ የስብሰባ አዳራሽዎን ወንበሮች የማደሱን ሥራ ለእኔ በሰጡኝ ጊዜ፣ የእርስዎን መቀመጫ ከሌሎቹ ለይቼ፣ ጠቅጥቄ እንድሞላው አዝዘውኝ ነበር። እንዳዘዙኝ ስላደረግሁ፣ አሁን ይህን የሚያነቡት ተመችቶዎት ተቀምጠው እንደሚሆን ተስፋ አለኝ።

እኔ ከገበያው ጀርባ ባለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ከባለቤቴ ጋር የምኖር፣ ምድር ቤት ባለችው ጠባብ ክፍሌ አሮጌ ሶፋና ወንበር እያደስኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። ደብዳቤዬን በአደባባይ ማውጣቴ እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎ። ከዚህ ቀደም በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ሁሉ መልስ ስላላገኙ፣ ምናልባት ፖስታ መክፈት ለጤና አስጊ ሆኖ ተገኝቶ ይሆናል ብዬ ሰግቼ ነው።

ነገሬን ከባለቤቴ አንጀት ልጀምር። እንደ እርስዎ ላለ ትልቅ ሰው የሚጻፍ ነገር አለመሆኑ አይጠፋኝም፤ ግን የጉዳዩ መጀመሪያ እሱ ነው። ባለቤቴ የበላችው ሁሉ አልስማማ እያላት፣ ሰውነቷ አልቆ ቀሚሷ በላይዋ ላይ እየተንጠለጠለ በሄደ ጊዜ፣ ሐኪሟ ወተቱንም፣ ስንዴውንም፣ ጥራጥሬውንም፣ ቅጠላ ቅጠሉንም አንድ በአንድ እያስተዋት ሄዶ ሄዶ በመጨረሻ የቀረላት ሥጋ፣ ጨውና ውሃ ብቻ ሆነ። ቅንጦት አምሮን አይደለም። ሥጋ ብቻ መብላት ከጀመረች ወዲህ ደረጃውን ሳታርፍ ወጣች፤ ልብስ ስታጥብ ማንጎራጎር ጀመረች፤ እኔንም እንደ ድሮው መቆጣት ጀመረች። በዕድሜዬ እንደዚያ ደስ እያለኝ የተቆጡኝ ጊዜ የለም።

ሁለተኛው ነገሯ ፌስታል ነው። እናቷ ይኖሩበት በነበረው ሰፈር ያለው የጎርፍ መውረጃ፣ እንዲጠረግ ለጽሕፈት ቤትዎ በተደጋጋሚ ተነግሮ ያልተጠረገውን ማለቴ ነው፣ በፌስታል ተደፍኖ ውሃው ቤታቸው ገባ። ባለቤቴ እጇን እስከ ክርኗ ከትታ ፌስታሉን እየጎተተች ስታወጣ ዋለች። እናቷ ከዚያ ቀን ብርድ አልተነሡም። ከቀብር እንደተመለስን ባለቤቴ በቤታችን ያለውን ፕላስቲክ ሁሉ ሰብስባ አስወጣችና፣ ከእንግዲህ አንድም እንደማይገባ፣ በእሱ ተጠቅልሎ የመጣ ምግብም እንደማትቀምስ ማለች። እኔ ባለቤቴን በብዙ ነገር እከራከራታለሁ፤ በዚህ ነገር ግን አፌ አይከፈትም።

እንግዲህ ከሥጋ በቀር የማይችል ሆድና ፕላስቲክ የማይችል ልብ በአንዲት ሴት ውስጥ አብረው ሲኖሩ፣ ሁለቱን ያስማማቸው የነበረው ባለ ሦስት ድርቡ የብረት ምሳ ዕቃችን ነው። ጠዋት ይዤው እወርዳለሁ። ባለ ልኳንዳው ሥጋውን በላይኛው፣ አጥንቱን በመካከለኛው፣ ሞራውን በታችኛው ያደርግልኛል፤ ክዳኑን ገጥሜ እመለሳለሁ። ሥጋውን እንበላለን፤ ከአጥንቱ እኔ ለወንበሮቼ ሙጫ አፈላለሁ፤ ሞራውን እሷ አቅልጣ ከፊሉን በማሰሮ ታስቀምጣለች፣ ከፊሉን ሳሙና ትሠራበታለች። የሚጣል ነገር ስለጠፋ የቆሻሻ ባልዲያችን ሸረሪት አድርቶበት ነበር። እኔ ጤነኛው ለምን ሥጋ ብቻ እንደምበላ ቢጠይቁኝ፣ እሷ ፊት ተቀምጦ ድንች መጉረስ አንጀቴ አልችል ብሎኝ ነው። በዚህ ዓይነት ማንንም ሳናስቸግር፣ ማንም ሳያስቸግረን ስንኖር ሳለ ነው ጽሕፈት ቤትዎ ያስታወሰን። ከዚህ በታች ያሉት የምስጋናዎቼ ዝርዝሮች ናቸው፤ ቅሬታ ቢመስሉ የአጻጻፌ ድክመት ነው።

1ኛ፦ ስለ መመሪያው። ጽሕፈት ቤትዎ ለጤናችን በማሰብ ማንኛውም ሥጋ በላስቲክ ተጠቅልሎና ታሽጎ ካልሆነ በቀር እንዳይሸጥ፣ ማንም ሻጭ በደንበኛ ዕቃ ሥጋ እንዳያደርግ ስላዘዘ እጅ እነሣለሁ። ባለቤቴ በፈላ ውሃ የምታጥበው፣ ፀሐይ ላይ የምታደርቀው ምሳ ዕቃ ለካ ይህን ሁሉ ዘመን ሊጨርሰን ሲያደባብን ኖሯል። ባለ ልኳንዳው ዕቃውን ሳቀርብለት፣ ቦምብ ያቀበልኩት ይመስል እጁን ሰብስቦ ግድግዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያ አሳየኝ። ማስታወቂያው ራሱ በላስቲክ ተለብጧል። ሱቁ እንዳይታሸግበት ፈርቶ ነው እንጂ ክፉ ሰው አይደለም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አባቴ፣ ታሽጎ ይግዙና ጥጉን ዞር ብለው ላስቲኩን ቀደው በዕቃዎ ይገልብጡት፣ ማን ያይዎታል አለኝ። እንዳለውም ማንም አላየኝም።

ገበያ የምወጣው እኔ ነኝና፣ ባለቤቴን ባለ ልኳንዳው ለነባር ደንበኛ ፊት አይነሣም ብዬ ነገርኳት። አመነችኝ። እኔን ያስጨነቀኝ ላስቲኩን የት እንደማደርገው ነበር። የሕንፃችንን ገንዳ የምትቆጣጠረው የእርስዎው ጽሕፈት ቤት በበጎ ፈቃድ የመደባት ባለቤቴ ናት፤ አንዲት ብጣሽ ላስቲክ አታመልጣትም። የመንገዱ ገንዳ ላይ ደግሞ ላስቲክ ለሸጠው ሰው እንዲመለስ በትልቁ ተጽፏል፤ የሸጠው ሰው የተከፈተ ማሸጊያ መልሶ እንዳይቀበል ከእርስዎው ዘንድ ተከልክሏል። የትም ብጥለው ጎርፍ መውረጃ ይገባል፤ እሱን እንኳን እኔ ጠላቴም አያድርገው። ጭንቅ ሲለኝ በምድር ቤቷ ክፍሌ አጥቤ፣ አድርቄ፣ የሶፋ ሠሪ እጅ በሚደርስበት ብቸኛ መደበቂያ፣ በመቀመጫ ውስጥ ከጥጡ ሥር ቀበርኩት። ከራሳችን የሳሎን ወንበር ጀመርኩ። በሙያዬ እንደዚያ ወንበር ያፈርኩበት ሥራ የለም።

2ኛ፦ ስለ ሁለቱ ክፍሎች። በጽሕፈት ቤትዎ ኮሪደር ላይ ሥጋ በላስቲክ ይታሸግ የሚለው የምግብ ጤና ክፍል በስተቀኝ፣ ላስቲክ ከየቤቱ ይጥፋ የሚለው የፕላስቲክ ቅነሳ ክፍል በስተግራ፣ ፊት ለፊት እንዲሆኑ ማድረግዎ ለባለ ጉዳይ እግር ታላቅ እረፍት ነው። የቀኟ እመቤት ምሳ ዕቃ የፕላስቲክ ቅነሳ ጉዳይ ስለሆነ ወደ ግራ እንድሄድ በትሕትና አመለከቱኝ። የግራው ጌታ ሥጋ የጤና ጉዳይ ስለሆነ ወደ ቀኝ እንድመለስ በበለጠ ትሕትና አመለከቱኝ። እንዲህ ከወዲያ ወዲህ ስል፣ ሁለቱ ክፍሎች አንድ የውሃ ማፍያ በጋራ እንደሚጠቀሙ አየሁ፤ በተከፈተው በር ስለ ስኳር ሲነጋገሩም ሰማሁ። እንግዲያው በዚያው ስለ ምሳ ዕቃዬ ሁለት ቃል ቢጨምሩልኝስ ብዬ ብለምን፣ ስለ ሥራ የሚነጋገሩት በጽሑፍና በበላይ ኃላፊ በኩል ብቻ መሆኑን አስረዱኝ። የበላይ ኃላፊው እርስዎ ነዎት። እርስዎን ደረጃው ላይ አገኘሁዎት፤ እጅዎን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው፣ በዚያ ለስላሳ ድምፅዎ፣ ጉዳዩ ይታያል አሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ። ጉዳዩ እየታየ ይሆናል፤ እኛ ነን ያልታየነው።

3ኛ፦ ስለ ልጣጩ። በየሕንፃው ላቆሙት አረንጓዴ በርሜል ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እያንዳንዱ ቤት የአትክልት ልጣጭ በየሳምንቱ ማምጣት አለበት፤ አጥንትና ሞራ ክልክል ነው። እኛ ቤት አትክልት ስለማይበላ ልጣጭ የለም፤ ልጣጭ ስለሌለ በራችን ላይ ግድየለሽ ቤተሰብ የሚል ቢጫ ወረቀት ተለጠፈ። ገንዳ የምትጠብቀው፣ ሳሙናዋን ከሞራ የምትሠራው ሴት ግድየለሽ ተብላ በገዛ በሯ ላይ ስታነብ ማየት አሳፈረኝ። ስለዚህ ከታች ካለችው ልብስ ሰፊ ጎረቤታችን የድንች ልጣጭ እየተበደርኩ በርሜሉ ውስጥ መጨመር ጀመርኩ። ሰው ዱቄት ይበደራል፣ ጨው ይበደራል፤ ቆሻሻ የተበደርኩ የመጀመሪያው ሰው ሳልሆን አልቀርም። አንድ ቀን ባለቤቴ እጄን አሸተተችና ድንች አምሮህ በደረጃው ሥር ተደብቀህ ትበላለህ አይደል፣ ምን አስደበቀህ፣ ፊቴ ብላ እንጂ፣ እኔ ምን አገባኝ ብላ እየሳቀች ይቅር አለችኝ። ላልበላሁት ድንች ይቅርታዋን ከመጨረስ ለሌላው ነገር ቆጥቤ ባስቀምጠው ኖሮ።

4ኛ፦ ስለ ክብር ምስክር ወረቀቱ። ቢጫው ወረቀት በተነሣልን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ጽሕፈት ቤትዎ ቤታችንን ፕላስቲክ አልባ ቤተሰብ ብሎ መርጦ፣ ምስክር ወረቀቱን በተቆጣጣሪዎ እጅ ላከልን። ተቆጣጣሪው ደልደል ያሉ ጨዋ ሰው ናቸው። ባለቤቴ የክት ልብሷን ለብሳ ጠበቀቻቸው። ሌላ ስንት መቀመጫ እያለ ሄደው ያረፉት በሳሎኑ ወንበር ላይ ነው። ኮሽ አለ። እኔ ሳልኩ። እሳቸው እግራቸውን ሲያነባብሩ ወንበሩ ኮሽ ይላል፣ እኔ እስላለሁ፤ ቦርሳቸውን ሊከፍቱ ሲያጎነብሱ ኮሽ ይላል፣ እኔ እስላለሁ። እሳቸውም አዝነውልኝ ለሳል የሚሆን መድኃኒት ጠቆሙኝ፣ ወንበሩንም ሞቅ ያለ ነው ብለው አመሰገኑት። ከዚያ ቆመው ምስክር ወረቀቱን ጮክ ብለው አነበቡልን። ላሚኔት ተደርጓል፤ ከዳር እስከ ዳር በፕላስቲክ ታሽጓል። ባለቤቴ በሁለት እጇ ተቀበለች፣ ጎንበስ ብላ አመሰገነች፣ እስከ በሩ ሸኘቻቸው።

በሩን ዘግታ ተመለሰችና ወንበሩ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ተነሣች። እንደገና ተቀመጠች። የሶፋ ሠሪ ሚስት ናት፤ ጥጥ ሲቀመጡበት ምን እንደሚል፣ ስፖንጅ ምን እንደሚል ከእኔ እኩል ታውቃለች። መተርተሪያህን ስጠኝ አለችኝ። በገዛ እጄ አቀበልኳት፤ ሌላ ምን ላደርግ እችል ነበር። ወንበሩን ገልብጣ፣ እኔው እንዳስተማርኳት ጨርቁን ሳትጎዳ ስፌቱን ፈታች፤ እጇን እስከ ክርኗ ከትታም ላስቲኩን አንድ በአንድ እየጎተተች ማውጣት ጀመረች። ያንን አጎታተት አውቀዋለሁ። ወለሉ ሲሞላ ቆመች። ብትጮህብኝ፣ ብትሰድበኝ፣ ምስክር ወረቀቱን ፊቴ ላይ ብትወረውረው ምንኛ በቀለለኝ። በዝግታ፣ ይህን ሁሉ በልቼዋለሁ ማለት ነው ብላ ጠየቀችኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥጋ አልቀመሰችም። ለምኛታለሁ፣ ተቆጥቻታለሁ፣ ፊቷ አልቅሻለሁ። እልኸኛ ሆና አይደለም፤ በጉሮሮዬ አልወርድ ይለኛል ነው የምትለው። እኔን ደስ ለማሰኘት ጥቂት ሩዝ ሞክራ ከሰዓቱን በሙሉ ሆዷን ይዛ ስትቃትት ዋለች። አሁን የምትኖረው ከመመሪያው በፊት በምሳ ዕቃችን ከገባው ሞራ አቅልጣ በማሰሮ ካስቀመጠችው ነው። ለሳሙና የተቀመጠውን በማንኪያ እየቀመሰች፣ የጨው ውሃ እየጠጣችበት ታድራለች። ክዳኑን ከፍቼ አየሁት። የማሰሮው ታች መታየት ጀምሯል። ቀሚሷም እንደገና መንጠልጠል ጀምሯል። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ። በትሕትና የምጽፍበት ቃል ስላጣሁ እንዲሁ ፈርቻለሁ ብዬ ጽፌዋለሁ።

5ኛ፦ ስለ አውራ ዶሮው። ያልታሸገ ሥጋ ፍለጋ ዞሬ ዞሬ፣ ላባውን እንጂ ላስቲክ ያልለበሰ አውራ ዶሮ በብብቴ ይዤ መጣሁ። እሱ ግን በየክፍሉ እየገባ፣ በየጥጉ እያጮለቀ፣ የሚረባ ነገር ሳያገኝ በመጨረሻ ስለሚጮህ ባለቤቴ ተቆጣጣሪው ብላ ስም አወጣችለት። ስም ያወጣችለትን እንስሳ ደግሞ አትበላም። አሁን መታጠቢያ ቤታችን ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ከቤተሰቡ የሚወፍረው እሱ ብቻ ነው። የድምፅ ብክለት ክፍልዎ ማስጠንቀቂያ በማግሥቱ ላከብን። ለምሳ ዕቃዬ የታጣው ፍጥነት ለዶሮው በመገኘቱ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ሲፈልግ መሮጥ እንደሚችል አውቄ ተጽናናሁ።

ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። መመሪያዎ ይሻር አላልኩም፤ እኔ ማነኝና። ባለ ልኳንዳው በእኛ ንጹሕ ምሳ ዕቃ ሥጋ ቢያደርግ ሱቁ እንደማይታሸግበት የምትገልጽ አንዲት መስመር ይጻፉልኝ። ከፈለጉ ምሳ ዕቃውን በየቀኑ ለምርመራ አምጥቼ ጠረጴዛዎ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ከቀኝ ክፍል ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ያሳልፉት። ይህም የማይሆን ከሆነ፣ እባክዎ አራቱን ፎቅ ወጥተው፣ ለእኔ እንዳደረጉልኝ እጅዎን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርገው፣ ጉዳዩ ይታያል ብለው ለራሷ ይንገሯት። ሲያሳርፉ ግን ቀስ ይበሉ፤ ትከሻዋ አጥንት ብቻ ሆኗል።

እሷ አሁንም በየጠዋቱ ምሳ ዕቃውን በፈላ ውሃ አጥባ፣ አድርቃ፣ በሩ ሥር ታስቀምጥልኛለች። እኔም አንስቼ እወርዳለሁ፤ ገበያውን እዞራለሁ፤ ባለ ልኳንዳው ሲያየኝ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ባዶውን ይዤ እመለሳለሁ። ተቀብላኝ ሦስቱንም ክዳን ትከፍታለች፣ ትመለከታለች፣ እንደገና ታጥበዋለች። ባዶ ዕቃ ለምን ታጥቢያለሽ ብዬ ለመጠየቅ ድፍረቱ የለኝም።

በእርስዎ ጥበቃ ሥር በመኖሬ ዘወትር የምደነቅ፣ በመመሪያዎችዎ መካከል መተላለፊያ አጥቼ የቆምኩ፣ ትከሻዬን በእጅዎ ያከበሩልኝ፣ ታዛዥዎ፣

የአራተኛ ፎቁ ሶፋ ሠሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ለመመርመር በስብሰባ አዳራሹ በሚሰየሙበት ዕለት፣ ቁጭ ሲሉ ከሥርዎ ኮሽ የሚል ድምፅ ቢሰማዎ እባክዎ አይደንግጡ፤ ወንበሩ አልተበላሸም። የሳሎን ወንበራችን ቶሎ ሞልቶብኝ ስለነበረ፣ የባለቤቴ ምግብ የመጣበት የቀረው ላስቲክ በሙሉ ያለው በአዳራሽዎ መቀመጫዎች ውስጥ ነው፤ የእርስዎንም እንዳዘዙኝ ከሌሎቹ ለይቼ ጠቅጥቄዋለሁ። ባለቤቴ መተርተሪያውን ይዛ መጥታ፣ ጨርቁን ሳትጎዳ ላስቲኩን አንድ በአንድ አውጥታ፣ ጥጥ ሞልታ መልሳ ልትሰፋልዎ ፈቃደኛ ናት፤ አቅሟ ሳያልቅ ቢጠሯት። በእርስዎ ወንበር ውስጥ ያለውን ስነግራት ከዚያን ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች። ሳቋ ሳይበርድ ብዬ ሮጬ ሥጋ አቀረብኩላት፤ አልበላችም።